የበግ ግዢ ንዑስ ኮሚቴ

ፋሲካ መቼ እንደሚውል የማያውቅ ቢኖር ጥፋቱ የራሱ ነው። ባሕረ ሐሳብ አለ። ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም። ሊቃውንቱ ብትጠይቋቸው የዛሬ መቶ ዓመት ፋሲካ የሚውልበትን ቀን አስልተው ይነግሯችኋል። ይህ ሁሉ እውቀት ባለበት አገር እኛ ቤት በግ የሚገዛው ቅዳሜ ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሁልጊዜ። በዓሉ የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ በሬዲዮ የተነገረ ይመስል።

የአምናውን ልንገራችሁ። እኔና አባዬ ገበያው ሊበተን ሲል ደረስን። የቀሩት ሦስት በጎች ናቸው። አንዱ ያነክሳል። አንዱ ያስላል። የሦስተኛው ዓይን አላማረንም። ሦስተኛውን ገዛን። በባጃጅ አመጣነው፤ ሹፌሩ «በግ እንደ አንድ ሰው ነው የሚታሰበው» ብሎ የሦስት ሰው አስከፈለን። ከበረንዳው ቋሚ ጋር አስረነው ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ሌሊት ስንመለስ እማዬ ለጉዝጓዝ የገዛችው ቀጤማ የለም። በጉ ከሁላችን ቀድሞ ፈስኮ ተጋድሟል።

«ቀጤማ እኮ የጾም ነው» አሉ አጎታችን ጋሼ፣ ለበጉ ጠበቃ ቆመው።

ታላቅ እህቴ ግን አልሳቀችም። አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት እቅድ ክፍል ነው የምትሠራው። «ዘንድሮ በእቅድ ነው የምንመራው» አለች። እኛም አጨበጨብን። በዓል ላይ የማይጨበጨብለት ሐሳብ የለም።

የቅበላ እሁድ፣ የካቲት 8፣ ቤተሰቡ ለስብሰባ ተጠራ። ነገሩ እንግዳ አልሆነብንም። አዳማ ተወልዶ ስብሰባ የሚፈራ የለም። አዲስ አበባ ላይ አልታሰብ ያለ ነገር ሁሉ መቶ ኪሎ ሜትር ወርዶ፣ ትንሽ ሙቀት ሲያገኝ ይታሰባል። ሆቴሎቻችን ዓመቱን ሙሉ ባነር ሰቅለው «እንኳን ደህና መጣችሁ» ሲሉ ነው የሚከርሙት። ጋሼም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እንዲህ ያለውን ስብሰባ ሲመላለሱበት የኖሩ ሰው ናቸው። እህቴ አጀንዳውን አንብባ «ጥያቄ ያለው?» ስትል ቀድመው እጃቸውን አወጡ።

«አበል አለው?»

የለውም ተባሉ። ከዚያ በኋላ ተሳትፏቸው ቀዘቀዘ።

ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህ የምጽፈው በማስረጃ ነው። ሦስት ንዑስ ኮሚቴዎች ተቋቋሙ። የበግ ግዢ ንዑስ ኮሚቴ፣ ሰብሳቢ አባዬ፣ ጸሐፊ እኔ። የእንግዳ አቀባበል ንዑስ ኮሚቴ፣ ሰብሳቢም አባልም ጋሼ። የቀጤማ ጥበቃ ንዑስ ኮሚቴ፣ ትንሹ ወንድሜ። የቴሌግራም ግሩፕም ተከፈተ። ስሙ ላይ ብቻ ሃያ ደቂቃ ተከራከርን።

እቅዱ በሠንጠረዥ ተሠርቶ፣ ታትሞ፣ ፍሪጁ ላይ ተለጠፈ። ያምር ነበር፤ እውነቴን ነው። ተግባር፣ ኃላፊ፣ የሚጠናቀቅበት ቀን፣ ያለበት ደረጃ። በግ ብቻውን ሰባት መስመር ወስዷል። የገበያ ጥናት፣ መረጣ፣ ድርድር፣ ቀብድ፣ ማጓጓዝ፣ ማሰር፣ ማረድ። ከታች አንድ መስመር አለች። «ምግብና መጠጥ» ትላለች። ኃላፊ፦ እማዬ። ያለበት ደረጃ፦ በሂደት ላይ።

እማዬ ስብሰባው ላይ አልተቀመጠችም። መጀመሪያ የቅበላውን ክትፎ ይዛ ገባች። ቀጥላ ትሪውን አነሳች። ከዚያ ቡና ይዛ መጣች። አንድ ጊዜ ብቻ ቆም ብላ ወረቀቱን አየችው።

«ሽንኩርት ክተፋውን ዓርብ ያደረጋችሁት ማን ሊከትፈው ነው?»

«ችግር አለው እማዬ?»

«ስቅለት ነው ልጄ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። እህቴ አጠፋችና ቅዳሜ ብላ ጻፈች። እማዬ ሲኒ ሰብስባ ወጣች። ያን ቀን የበላነው ክትፎ በየትኛውም መስመር ላይ አልተመዘገበም።

የጋሼ ኮሚቴ ሥራውን የጀመረው መጋቢት ላይ ነው። ሥራው ቀላል ይመስል ነበር። ደውሎ ስንት ሰው እንደሚመጣ መጠየቅ። ግን እስቲ እናንተ ሞክሩት። ዘመድን «ስንት ሆናችሁ ትመጣላችሁ?» ብሎ መጠየቅ «ስንት ጉርሻ ልትጨርሱብን ነው?» እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ጋሼ ጥያቄውን አለዘቡት። «ለበዓል አላችሁ አይደል?» ይላሉ። ከወዲያ «እግዚአብሔር ካለ» ይመጣል። ይህ መልስ ሠንጠረዥ ውስጥ አይገባም። አዎ አይደለም፣ አይ አይደለም። አንዷ አክስቴማ «እኛ እንኳን አንመጣም፣ ብንመጣም አንቆይም፣ ለማደር ከሆነ ግን ልጆቹን ይዘን ነው» አለች። ጋሼ ይህንን ሁሉ ሰምተው «12» ብለው መዘገቡ። ከየት እንዳመጡት እስካሁን አልተገለጠልኝም።

ወደ ራሴ ኮሚቴ ልመለስ። በሆሳዕና፣ በዓሉ ሳምንት ሲቀረው፣ እኔና አባዬ ተረጋግተን፣ ውሃ ጠጥተን፣ ገበያ ወጣን። እንዲህ ያለ ክብር አይቼ አላውቅም። ነጋዴው ይለምነናል እንጂ አንለምነውም። አባዬ የበጉን ወገብ ጨበጠ፣ ላቱን በመዳፉ መዘነ፣ ጥርሱን አየ። በመጨረሻ አንድ ቀይ ሙክት ግንባሩ ላይ ነጭ ቦቃ ያለበት መረጥን። ዋጋውን አልናገርም፤ እማዬም የምታውቀው ሌላ ቁጥር ነው። ሳምንት ሙሉ የምናስርበት ቦታ ስለሌለን ግማሹን ቀብድ ከፍለን እዚያው እንዲቀልብልን ተስማማን። ነጋዴው ምሎ ተገዘተ። ስልኩንም ሰጠን። በጉን ፎቶ አንስቼ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት። ሃያ ሰባት ልብ ተሰጠው። እህቴ «ተከናውኗል» ብላ በአረንጓዴ ቀባችው።

እህቴ ለጸሎተ ሐሙስ መጣች፣ ጉልባን ቀመሰች፣ ዓርብ ከስግደት መልስ ወገቧን ይዛ ወደ ማድ ቤት ገባች። የድፎ ዳቦው ሊጥ የእሷ ድርሻ ነው። በእቅዱ መሠረት ዓርብ ማታ ይቦካል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ይጋገራል። አዲስ አበባ ሁልጊዜ የምታደርገው እንዲያ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ተዘንግቷል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ካቦርት የምትደርብ ከተማ ናት። አዳማ ከእሷ ብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ብላ ሚያዝያ ላይ ለሊጥ ቀርቶ ለሰውም አትመችም። ቅዳሜ ጠዋት ስንነሳ ሊጡ ከቡሃቃው ወጥቷል። ጠርዙን አልፎ፣ በርጩማውን ወርዶ፣ ወደ በሩ አቅጣጫ ጉዞ ጀምሯል። ሽታው ጎምዛዛ ነው። እህቴ ቆማ አየችው። እማዬ ምንም አላለችም። ከጓዳ ሌላ ዱቄት አወጣች፣ እርሾ ጨመረች፣ ረፋዱ ላይ አቦካች። ኮባው ቀድሞ ታጥቦ ተደርድሯል። ማን ገዛው? በእቅዱ የለም።

ያን ቀን በእቅዱ የሌለ ነገር በየማዕዘኑ ይወጣ ጀመር። ገና በማለዳ አራት ጎረቤቶች ቢላዋቸውን ይዘው መጡ፤ ተቀምጠው ሽንኩርት መክተፍ ያዙ። ማን ጠራቸው? እህቴ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም ተከትያት ገባሁ። የበርበሬው ማሰሮ አፉ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ በክር ታስሯል። ቀይ ክር የዶሮ ወጥ በርበሬ ነው። ጥቁር ክር የዘወትር። በአረንጓዴ የታሰረው ትንሹ ብልቃጥ መከለሻ ነው። ቅቤው ተነጥሮ፣ ኮረሪማና ኮሰረት ገብቶበት፣ በሁለት ጣሳ ተከፍሏል፤ አንዱ ላይ «አትንኩ» የምትል ትንሽ ወረቀት አለች። ጠላው ጋኑ ውስጥ ጠርቷል። ጠጁ ከጥግ ነው።

«ይህን ሁሉ መቼ ሠራሽው?» አለች እህቴ።

«በርበሬውን ጥር ላይ ጸሐይ ሲወጣ። ቅቤውን ጾም ሳይገባ። ገንዘቡ የእቁቤ ነው፤ ጸሐፊዋን ለሕማማት ሳምንት ዕጣዬን አቆዪልኝ ብያት ነበር። ነይ ይህን ድስት ያዢልኝ።»

ወጡ ከሰል ላይ ነው የሚሠራው፤ ቁሌቱ ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እንጀራው በኤሌክትሪክ ምጣድ ነበር። ረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ሁላችንም «ውይ» አልን። እማዬ ብቻ አላለችም። የበዓል እንጀራዋን ሐሙስ ጋግራ ጨርሳለች፤ «ቅዳሜ መብራት ይኖራል ብሎ የሚተማመን ሞኝ ነው» አለች። ዳቦውን ግን ከታችና ከላይ ፍም አድርጎ መጋገር ግድ ሆነ። ተጨማሪ ከሰል ተቀጣጠለ። ለማያያዣ ደረቅ ወረቀት ተፈለገ። እማዬ ዞር ዞር ብላ አየች። ፍሪጁ ላይ አንድ ጥሩ ወረቀት አገኘች።

እቅዱ ሥራ ላይ የዋለው ያኔ ነው። በደንብ ነደደ።

እኔና አባዬ ይህን አላየንም፤ በጋችንን ልናመጣ ወጥተናል። ስልክ ስንደውል «የደወሉላቸው ደንበኛ» አለን። ደግመን ደወልን። እንደገና «የደወሉላቸው ደንበኛ»። ገበያው ውስጥ ከነጋዴ ነጋዴ ስንጠይቅ ዋልን። አስር ሰዓት ላይ ሰውየው ራሱ ላብ በላብ ሆኖ ከሰው መሀል ብቅ አለ። በገመድ አንድ በግ ይጎትታል። ነጭ ነው። ከጭራው እስከ አፍንጫው ነጭ።

«ይኸው በጋችሁ!»

አባዬ ፎቶውን አወጣ። «የእኛ ቀይ ነው። ቦቃ አለው።»

ነጋዴው ፎቶውን አየ። በጉን አየ። እንደገና ፎቶውን አየ።

«ለበዓል አጥቤላችሁ እኮ ነው!»

አባዬ በሕይወቱ ብዙ ውሸት ሰምቷል። ይህኛውን ግን ትንሽ አሰበበት፤ አይቼዋለሁ። ከዚያ ክርክር ሆነ፣ ሽማግሌ ገባ፣ ከቀሪው ሒሳብ ጥቂት ተቀነሰልን። ነጩን ይዘን ባጃጅ ስንፈልግ ከምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት ነበር። ሹፌሩ «በግ እንደ አንድ ሰው ነው…» ሲል አላስጨረስኩትም። ግሩፑ ላይ ምንም አልተናገርንም። ቀዩ ሙክት እስካሁን እዚያው ፎቶ ላይ ቆሞ ልብ ይሰበስባል።

ዶሮዎቹን ያረደው ትንሹ ወንድሜ ነው። ቀጤማውን ጠብቆ ጠብቆ ሲሰለቸው ግማሹን ራሱ ላይ አስሮት ተገኘ። ግማሹ ግን ዳነ።

እንግዶቹ እሁድ ጠዋት መጡ። ፈጣን መንገዱ ከቱሉ ዲምቱ እዚህ ድረስ ብዙም አያቆያቸውም፤ ቱሉ ዲምቱ እስኪደርሱ ነው መከራው። ጋሼ በር ላይ ቆመው ቆጠሩ። አስራ ሁለት ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ፤ ሰው ገና ከሚኒባሱ እየወረደ ነው። አስራ ዘጠኝ ሆኑ። «አንመጣም» ያለችው አክስቴ ከነልጆቿ፣ ከነፍራሿ። እህቴ ደነገጠች። በእቅዱ ሁለት ዶሮና ሃያ እንቁላል ነበር። ድስቱን ከፍታ በጭልፋ ቆጠረች። ሠላሳ አራት እንቁላል።

«እማዬ፣ ሦስት ዶሮ ነው እንዴ የሠራሽው?»

«ጋሼ አስራ ሁለት ካሉ ሃያ ነው» አለች እማዬ። እዚያው ጎን የድፎው ሩብ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ለሙስሊሟ ጎረቤታችን ነው፤ እሳቸው ከስጋችን አይበሉም፣ ዳቦና ለስላሳ ይዘን ነው የምንሄደው። በየትኛውም የእንግዳ ዝርዝር ላይ አልነበሩም። እማዬ ግን ዳቦው ሲቆረስ መጀመሪያ የእሳቸውን አንስታለች።

ነጩ በግ ጣፋጭ ነበር፤ ሐቁን መካድ አይቻልም። ጋሼ ስለ አቀባበሉ ሪፖርት አቀረቡ፤ ማንም አልሰማቸውም። ማታ እንግዳው ቀለል ሲል እማዬ ባዶውን ጋን ግቢ አውጥታ ታጥብ ጀመር። እያጠበች ከአባዬ ጋር ታወራለች።

«የከርሞው መቼ ነው የሚውለው?»

አባዬ ካላንደሩ ላይ ስለሌለ ስልኩን ነካ ነካ አደረገ። «ሚያዝያ 24።»

«ዘግየት ይላል። ደግ ነው፤ ቅቤው ይረክሳል።»

እህቴ ይህንን ስትሰማ ላፕቶፗን ይዛ ወጣችና በርጩማ ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። አዲስ ሠንጠረዥ ከፈተች። «በይ እማዬ፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ፣ ልጻፈው።»

እማዬ ጋኑን እያሸች ጀመረች። ጌሾ፣ ብቅል፣ የበርበሬው ዛላ፣ የሚለቀምበት፣ የሚታጠብበት፣ የሚሰጣበት፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው፣ የወፍጮ ቤት ወረፋው። እህቴ ትጽፋለች። አርባኛው መስመር ላይ ስትደርስ እማዬ ገና ጥር ላይ ናት።

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «በጉንስ የት ጋ አደረጋችሁት?»

እማዬ ቀና ብላ አላየችውም። «እሱ ምን አለው፤ ቅዳሜ ማታ ትገዙታላችሁ።»