ሐይቅን ፈልጎ ማጣት

ከደሴ በስተሰሜን ያለችውን ከተማ አንዱ ሐይቅ፣ ሌላው ሀይቅ፣ ሌላው ኃይቅ ብሎ ኮምፒውተር ላይ ይመዘግባታል። ፈላጊው አንዱን ሲጽፍ «አልተገኘም» ይባላል። መዝገቡ እኮ እዚያው ነው! ኮምፒውተር ፊደላትን የሚለይበት የዩኒኮድ ቁጥራቸው ሀ 1200፣ ሐ 1210፣ ኀ 1280 ስለሆነ ለማሽኑ የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። የአንድን ፊደል የተለያዩ አጻጻፎች አንድ የሚያደርገው የዩኒኮድ ኖርማላይዜሽንም አያስታርቃቸውም፤ በግዕዝ ልዩነታቸው ትርጉም አለውና ልክ ነው። ሥራው የኛ ነው።

ምን ይጠይቃል? ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ በ7ቱም ቅርጽ መመለስ፤ 35 ፊደል! ከዚያ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ። ዋናውን ጽሑፍ ሳይነኩ የተመለሰውን ቅጂ በሌላ ዓምድ አስቀምጦ ኢንዴክስ (የፍለጋ ማውጫ) ማድረግ ነው። ፈላጊው የሚጽፈውን ቃልም በዚያው ለውጥ ማሳለፍ ግድ ነው፤ ብዙው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ዋናውን መዝገብ የሚያርሙማ አሉ። ዓለሙ ብሎ የተመዘገበን ሰው ሳይጠይቁ አለሙ ማድረግ ነውር ነው።

የሚያንገበግበኝ ግን ደሴም ኮምቦልቻም ወልዲያም ያለው ባለሙያ ይህችኑ ኮድ በየፊናው ከዜሮ መጻፉ ነው። የኦፕን ሶርስ ላይብረሪውን፣ ማለትም ማንም ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው የሚችለውን የጋራ ኮድ፣ በነጻ ይወስዳል፤ እሱ የጨመራትን ማስተካከያ ግን መልሶ አይልክም። ፑል ሪኩዌስቱ (ማስተካከያዬን ተቀበሉኝ የሚለው ጥያቄ) እኮ ከነሙከራ ኮዱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው!