የማን ልጅ ነህ?

ከኮምቦልቻ የተነሳው ሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ጨርሶ ደሴ ከገባ በኋላ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ይቁነጠነጥ ጀመር። አንዴ ረዳቱን፣ አንዴ መስኮቱን፣ አንዴ እኔን ያያል። በመጨረሻ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ካላስቸገርኩዎት ወራጅ ይበሉልኝ» አለኝ። ገንዘብ ያበድሩኝ፣ ዋስ ይሁኑኝ፣ ሽማግሌ ይሁኑኝ ብሎ የሚለምን ሰው አውቃለሁ፤ ድምፅ የሚበደር ሰው ግን ገጥሞኝ አያውቅም። አልኩለት። ረዳቱም «ቅድም አይሉም ነበር?» ብሎ ጮኸብኝ፤ ወጣቱ ወረደ፣ ቁጣው ለእኔ ቀረ።

ነገሩን የባሰ የሚያናድደው ይህ ልጅ አፍ የሌለው አለመሆኑ ነው። መንገዱን ሙሉ ስለ መመረቂያ ጥናቱ ሲያስረዳኝ ነበር የመጣው፤ የጥናቱም ርዕስ፣ አንባቢ ሆይ፣ ሰዎች ከሌሎች ጋር ሲነጋገሩ የሚሰማቸው ጭንቀት ነው። መጠይቁንም እዚያው መኪና ውስጥ አስሞላኝ፤ በየኩርባው እስክሪብቶዬ «እስማማለሁ» ከሚለው ሳጥን ወደ «አልስማማም» እየሸሸብኝ እንደምንም ጨረስኩት።

መጠይቁ የእሱ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካዊው የተግባቦት ተመራማሪ ጄምስ ማክሮስኪ እ.ኤ.አ. በ1970 ይህን ጭንቀት የሚለካባቸውን መጠይቆች ካሳተመ ወዲህ ብዙዎች ተከትለውታል። ማክሮስኪ የሚለው፣ ጭንቀቱ ሰው ሲናገር ብቻ ሳይሆን ገና ሊናገር ሲያስብም የሚይዘው ነው፤ በዚህ ስሌት ጎረቤቴ «ወራጅ» የምትለዋን ከሐረጎ ጀምሮ ሲጨነቅባት ነበር ማለት ነው። ኋላ በስፋት የተሠራበት መጠይቅ 24 ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ ስድስቱ ስለ ቡድን ውይይት፣ ስድስቱ ስለ ስብሰባ፣ ስድስቱ ስለ ሁለት ሰዎች ጭውውት፣ ስድስቱ ደግሞ በሕዝብ ፊት ስለሚደረግ ንግግር ይጠይቃሉ። ድምሩ ከ24 እስከ 120 ይደርሳል፤ ከ80 በላይ ያገኘ ሰው ከፍተኛ ጭንቀት ካለባቸው ይመደባል። የእኔን ውጤት አልናገርም፤ ሐረጎ ላይ የተሞላ መጠይቅ መኪናውን እንጂ ሰውየውን አይለካም።

የእኛ አገር ሰው መነጋገር ያስጨንቀዋል ቢባል ማን ያምናል? ሰኞ ገበያ ላይ ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎች ቢገናኙ ልጁ፣ ሚስቱ፣ ከብቱ፣ አዝመራው፣ የታመመው አጎት ሳይቀር በየተራ ይጠየቃል፤ አንዱ «አልሐምዱሊላህ»፣ ሌላው «እግዚአብሔር ይመስገን» እያለ መንገዱን ዘግተው ይቆማሉ። ቡና ላይም ከአቦል እስከ በረካ የማይነሳ የሰው ጉዳይ የለም። ይህ ሁሉ የማያስጨንቀን መልሱ ከአያቶቻችን ጀምሮ ተዘጋጅቶ ስለቆየን ይመስለኛል፤ በሰላምታ መካከል የዕድሩን ሒሳብ የጠየቀ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ከተረቶቻችን ሁሉ አብልጬ የምወደው «ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለውን ነው። የሚያናድደኝ፣ ይህንኑ የሚተርቱልን ትልልቆች መልሰው «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ማለታቸው ነው። ደጃዝማችነቱ እንደሆነ በ1967 ዓ.ም. ከሌሎች ማዕረጎች ጋር ስለተሻረ ለተናጋሪውም ለዝምተኛውም እኩል ቀርቷል፤ ዝንቧ ግን አለች። ልጅ እንግዳ ፊት አንድ ቃል ቢወረውር በዓይን ይገረፋል፣ ካልበቃው ይቆነጠጣል፤ ያው ልጅ ሃያ ዓመት ዝም ብሎ ከተመረቀ በኋላ ድንኳን ተጥሎ፣ ማይክ ተሰጥቶት፣ «እስቲ አንድ ነገር በል» ይባላል። አንድ ነገር ሳይል ሲቀር ደግሞ «የዘመኑ ልጅ ስልኩ አፉን ዘጋው» ይባላል። የቆነጠጠው ስልኩ አይደለም።

ዕድርን ካነሳሁ አይቀር፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰፈራችን ዕድር ስብሰባ ላይ «ጥያቄ ያለው» ሲባል እጄን አውጥቼ፣ ለአንድ ሰርግ የወጡት ትልልቆቹ ብረት ድስቶች ለምን እስካሁን እንዳልተመለሱ ጠየቅሁ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ፣ በነጠላቸው ጫፍ ረጋ ብለው ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉትና «ለመሆኑ አንተ የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። አባቴን ከእኔ ይበልጥ ያውቋቸዋል፤ ለቅሷቸው ላይ ድንኳኑን ያስተከሉት እሳቸው ናቸው። ጉባኤው ሳቀ፣ ቀጣዩ አጀንዳም ቀረበ። ስብሰባው ሲበተን ግን እነዚያው የሳቁት ሰዎች በር ላይ አንድ በአንድ እጄን እየጨበጡ «የልባችንን ተናገርክልን፣ አብሽር!» አሉኝ። ልባቸው ሁልጊዜ በር ላይ ለምን እንደሚከፈት፣ አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ማን እንደሚቆልፈው አሁንም ይገርመኛል፤ እውነቱን ለመናገር መገረም ብቻ አይደለም፣ ያበሽቀኛል።

የሥነ ልቦና ሊቁ አርኖልድ ባስ እ.ኤ.አ. በ1980 ሰውን በሰው ፊት ከሚያስጨንቁት ነገሮች መካከል የሁኔታውን አዲስነት፣ የሥርዓቱን ጥብቀት፣ የተናጋሪውን የበታችነትና የሁሉም ዓይን በአንድ ሰው ላይ ማረፉን ጠቅሶ ነበር። ሰብሳቢያችን እነዚህን ሁሉ መነጽር በመጥረግ ብቻ ማሟላታቸውን ሳስብ ለሳይንስ ሳይታወቁ መቅረታቸው ያሳዝነኛል። ከ24ቱ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ግን «የማን ልጅ ነህ ስባል ሐሳቤ ይበተናል» የሚል አንድም የለም። ሁሉም ስለ ፈሪው ይጠይቃሉ፤ ስለ አስፈሪው የሚጠይቅ መጠይቅ ማን ያዘጋጅ?

ማክሮስኪም ቢሆን መጀመሪያ ላይ ጭንቀቱን ከአስተዳደግ፣ ማለትም ልጅ ሲናገር ከሚያገኘው ሽልማትና ቅጣት ጋር ያያይዘው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ግን ከማይክል ቢቲና ከሌላ ባልደረባቸው ጋር ባሳተመው ጽሑፍ፣ ጭንቀቱ በአመዛኙ አብሮን የሚወለድ ጠባይ ነው ወደሚለው አዘነበለ። የምርምሩን ጥንካሬ ለሊቃውንቱ እተዋለሁ፤ ይህ ወሬ ደሴ የደረሰ ቀን ግን የቆነጠጠን ሁሉ «እኔ ምን አደረግሁ፣ ሲፈጠርም ዝምተኛ ነው» ብሎ እጁን እንደሚታጠብ አልጠራጠርም።

ለፈሪዎቹ መድኃኒት አልጠፋም። ትውልዱ ደቡብ አፍሪካ የሆነው ሐኪም ጆሴፍ ዎልፒ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው ጡንቻዎቹን አፍታቶ የሚያስፈሩትን ነገሮች ከቀላሉ ወደ ከባዱ በቅደም ተከተል እንዲያስብ የሚያደርግ ሕክምና አስተዋውቋል፤ ኋላ ለንግግር ጭንቀትም ውሏል። ለወጣቱ «ወራጅ»ን ከታችኛው እርከን ላይ አስቀምጬለት ነበር፤ ቀጥሎ ረዳቱን መልስ መጠየቅ፣ ከዚያ ስብሰባ ላይ እጅ ማውጣት። ከላይኛው እርከን ላይ የሰብሳቢያችን መነጽር አለ፤ እሱን ዓይኑን ጨፍኖ እያሰበ ጡንቻውን የሚያፍታታ ሰው ከተገኘ ዎልፒም ተነስቶ ያጨበጭብለታል።

ልጁ በቅርቡ ጥናቱን በፈታኞች ፊት እንደሚያቀርብ ነግሮኛል፤ እዚያ ድምፅ የሚያበድረው አይኖርምና እግዚአብሔር ይርዳው። የመፍትሔ ሐሳብ የሚለው ክፍል ባዶ ከሆነበት፣ ዕድሮች ዕቃ ያዋሱትን ሰው ስም በመዝገብ እንዲያሰፍሩ ብሎ ይጻፍልኝ፤ ባለፈው ለቅሶ የእኛ ዕድር ብረት ድስት የተከራየው ከሌላ ሰፈር ዕድር ነበር፣ ኪራዩም ከእኛው መዋጮ ላይ ተቆርጧል።