ማውሱ አለ፣ ቀስቷ ግን አትንቀሳቀስም

ሦስት ቀኔ ነው። ማውሱን ስሰካው ላፕቶፑ ያቺን የለመድናትን ድምፅ ያሰማል፣ ሥሩ ቀዩ መብራት ቦግ ይላል፣ የተሰኩ ዕቃዎች የሚዘረዘሩበት የዊንዶውስ ገጽ፣ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ስገባም "በትክክል እየሠራ ነው" ይለኛል። ቀስቷ ግን ከስክሪኑ መሀል ንቅንቅ የለም! ታዲያ ምኑ ነው የሚሠራው?

ያልሞከርኩት የለም። ሌላ ዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ ሰካሁት፣ ድራይቨሩን (ማውሱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ሶፍትዌር) አጥፍቼ ሪስታርት አደረግኩ፣ ዊንዶውስ ኃይል ልቆጥብ ብሎ ዩኤስቢውን እንዳያጠፋው ያችን የራይት ምልክት አነሳሁ፣ ነጭ ወረቀት ላይም አንቀሳቀስኩት። ይህን ሁሉ በታብና በቀስት ቁልፎች ብቻ፣ በድሬ የቀትር ሙቀት፣ መብራት ጠፍቶ ፋኑ ቆሞ፣ ላቤ ኪቦርዱ ላይ እየተንጠባጠበ።

የሚያበሽቀኝ ያ "በትክክል እየሠራ ነው" የሚለው ቃል ነው። ማውሱ ሲሰካ ማንነቱን ለኮምፒውተሩ ይናገራል፣ በቃ። እጄን የሚያነበው ሴንሰር ሌላ ነገር ነው፤ ሴንሰሩ ቢሞትም የማውሱ ስም ተመዝግቦ ይቀመጣል። ይህን በግልጽ ቢጽፉልን ምን ነበረበት? ሰው እኮ አምኖት ነው ቀኑን ሙሉ ድራይቨር ሲያወርድ የሚውለው፣ ያውም በሞባይል ዳታ!

በመጨረሻ ጎረቤቴ ዴስክቶፕ ላይ ሰካሁት። እዚያም ያው። ጥፋቱ የማውሱ መሆኑ ታወቀ ማለት ነው። መጀመሪያውኑ ይህን ባደርግ ኖሮ! ገና ሁለት ሳምንቱ ስለሆነ ይዤ ወደ ገዛሁበት ሱቅ ሄድኩ። ልጁ ሰካው፣ መብራቱን አየና "ይኸው፣ ይሠራል" አለኝ።