«ቀበሌ ሂድ» ላሉን ሁሉ የቀረበ ምስጋና

ጅማ ላይ የቸገረው ሰው ብዙ ነገር ያጣ ይሆናል፤ ጠቋሚ ግን አያጣም። አጂፕ ጋ ቆሞ «እናቴን የማሳክምበት ድጋፍ የት ይገኛል?» ያለ ሰው ጥያቄውን ሳይጨርስ መልሱ ይዘንብለታል። አንዱ ወደ ፈረንጅ አራዳ ያመለክታል፤ አንዱ ወደ ጅሬን፤ ቡና የያዘው ደግሞ ከበርጩማው ሳይነሳ በአገጩ ብቻ ወደ መርካቶ። ከኋላ የመጣው «እነሱን አትስማቸው፣ ዞን ነው» ብሎ ይደመድማል። «አላውቅም» የሚል በመካከላቸው የለም፤ ቢኖርም አፍሮ ዝም ይላል። ለዚህ ሁሉ ትጋት እስከ ዛሬ በአደባባይ ያመሰገናቸው የለምና ዕዳውን እኛ እንክፈል።

በቅድሚያ «ዞን ነው» ላለው ወንድማችን እጅ እንነሳለን። ጅማ ከተማ ውስጥ ሁለት አስተዳደር ይቀመጣል፤ የከተማው እና የዞኑ። የቦሳ ኪቶ ወይም የመንደራ ቆጪ ነዋሪ ጉዳዩ ከቀበሌው ይነሳና በከተማው አስተዳደር ያልቃል። ከማና፣ ከቀርሳ፣ ከዴዶ ወይም ከሰቃ ጮቆርሳ የመጣ ሰው ደግሞ ፋይሉ ያለው ወረዳው ላይ ነው፤ ዞን የሚደርሰው ወረዳው ሳይፈታለት የቀረ ቅሬታ ሲኖረው ነው። ወንድማችን ግን አድልዎ አይወድም። የከተማውን ሰው ወደ ዞን፣ የዴዶውን ሰው ወደ ከተማው ቀበሌ ይልካቸዋል። ሁለቱም ማምሻውን ባዶ እጃቸውን፣ ዝናብ መትቷቸው፣ አንድ ባጃጅ ላይ ይገናኛሉ። የባጃጁ ሾፌር በልቡ ማንን እንደሚያመሰግን እኛ እናውቃለን።

ቀጥሎ ቅርስ ጠባቂዎቻችን አሉ፤ «ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሂድ» የሚሉት። በፌዴራል ደረጃ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1263 ማኅበራዊ ጉዳይ ከሠራተኛው ተነጥሎ ከሴቶች ጉዳይ ጋር ተዳብሏል፤ ሠራተኛው ወደ ሥራና ክህሎት ሄዷል። ከዚያ በታች ያሉ መሥሪያ ቤቶችም ስም ይቀይራሉ፣ ሕንፃ ይቀይራሉ፣ ሰሌዳውም በአፋን ኦሮሞ ነው። ቅርስ ጠባቂው ዘንድ ግን አንዴ የተከፈተ ቢሮ አይዘጋም። የቢሮውን ስም ትቶ ሥራውን መጥራት ይቻል ነበር፤ «የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞችን ጉዳይ የያዘው ባለሙያ የትኛው ክፍል ነው?» ቢባል በር ላይ ያለው ጥበቃም ይመልሳል። ይህን መናገር ግን ታሪክን መርሳት ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ወደ «ቀበሌ ሂድ»። እውነት ለመናገር ይህ ምክር ስህተት የለበትም፤ ትልቅነቱም እዚህ ላይ ነው። ሁለት ቃል ሆኖ ሳለ ማን ዘንድ፣ ምን ይዞ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ተብሎ የሚጻፍ ወረቀት ለማምጣት የሚሉትን ሁሉ በጥንቃቄ ያስቀራል። ሰውየው ቀበሌ ይሄዳል፤ ቀበሌ «መታወቂያህ ታድሷል?» ይለዋል፤ አልታደሰም፤ ይመለሳል። በማግስቱ አድሶ ሲመጣ የቤት ቁጥሩን አያውቀውም። በሦስተኛው ቀን ሁሉን አሟልቶ ሲደርስ ማኅተም ያዡ ስብሰባ ገብቷል። አርብ ቀን ከሆነማ የምሳ ሰዓቱ ከ5:30 እስከ 7:30 መሆኑን የነገረው ስለሌለ ከረፋዱ 5:40 ላይ ደርሶ ሁለት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ከተቆለፈው በር ጋር ይተዋወቃል።

ጠቋሚው ሊናገር ያልፈለገው ነገር ረጅም አይደለም። የታደሰ የነዋሪነት መታወቂያ ከፎቶ ኮፒው ጋር፣ ፋይዳ ካለ የፋይዳው ቁጥር፣ የቤት ቁጥር፣ አብረው የሚኖሩት የቤተሰብ አባላት ብዛትና ዕድሜ፣ የታመመ ካለ የሕክምና ወረቀቱ፤ ኑሮውን የሚያውቁ ሁለት ሦስት ጎረቤቶችም ለምስክርነት ቢጠሩ እንዲመጡ አስቀድሞ መንገር። ቀበሌ ውስጥ የሚፈለገው ሰው ሥራ አስኪያጁ ነው። ደብዳቤው ሲጻፍ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ጉዳዩ በግልጽ፣ ቀንና ቁጥር፣ ፊርማ፣ ቲተርና ማኅተም መኖራቸውን እዚያው በር ላይ ማየት ነው፤ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ መዝገብ ቤት አይቀበለውም። ከሁሉ በላይ ግን አናቱ ላይ «ለ» የሚለው። ደብዳቤው ለሆስፒታሉ ከሆነ ለሆስፒታሉ፣ ለፍርድ ቤቱ ከሆነ ለፍርድ ቤቱ በስሙ ይጻፍ። ጠቋሚያችን አጥብቆ የሚመክረው «ለሚመለከተው ሁሉ አስጽፍ፣ የትም ያገለግልሃል» ብሎ ነው። የትም ያገለግላል የተባለው ወረቀት የደረሰበት ሁሉ «ለእኛ አልተጻፈም» ይባላል፤ ባለቤቱም ራፖር ጸሐፊው ዘንድ ተመልሶ እንደገና ይከፍላል። ለራፖር ጸሐፊዎቻችንና ለፎቶ ኮፒ ቤቶቻችን ዳቦ ከሆነው መካከል የጠቋሚው ድርሻ ቀላል አይደለም።

በጤናው መስክ ያበረከቱትን ደግሞ በዝርዝር ካላወራነው በደል ይሆናል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር አንዷ ከዚሁ ከጅማ ዞን ሊሙ ኮሳ ነበረች። ይህን ሁሉ ዓመት ደጃችን ላይ ቆሞ ሳለ ጠቋሚው «እሱ ለመንግሥት ሠራተኛ ነው» ይላል። የመንግሥት ሠራተኛ ያልሆነውን፣ ደመወዝ የሌለውን፣ ቡና ለቃሚውን፣ ጉሊት ቸርቻሪዋን ለማቀፍ የተሠራ ነገር ላይ ይህን ለመናገር የሚያስፈልገው ድፍረት ቀላል አይምሰላችሁ። መዋጮው በዓመት አንዴ በቤተሰብ ይከፈላል። መክፈል የማይችለው ቤተሰብ በቀበሌው ተለይቶ ሲጸድቅ መንግሥት ይከፍልለታል፤ ደብተሩም እኩል ያገለግላል። አንድ ጣጣ አለው፤ የሚመዘገቡት በምዝገባው ወቅት እንጂ አልጋ ላይ ከወደቁ በኋላ አይደለም። ስለዚህ ጠቋሚው ወቅቱ እስኪያልፍ ጠብቆ፣ ታማሚው ከታመመ በኋላ፣ «አሁኑኑ ሄደህ ጤና መድን ግባ» ይላል።

ደብተር ላለውም ምክር አይነፍገውም፦ «ጤና ጣቢያ ምን ያደርግልሃል? ቀጥታ ትልቁ ሆስፒታል ግባ።» ታማሚው ጤና ጣቢያውንና ሸነን ጊቤ ሆስፒታልን አልፎ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይደርሳል። ሪፈር ወረቀት የለውም። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ያለ ሪፈር የመጣ የመድን አባል የሚከፍለው ከኪሱ ነው፤ መዋጮውን የከፈለውም፣ መንግሥት የከፈለለትም። ከታች ከጤና ጣቢያው ቢጀምር ኖሮ ሪፈሩን ይጽፉለት፣ የሆስፒታሉ ላይዘን ክፍልም በዚያው ይቀበለው ነበር። ሰውየው ደብተሩን እያገላበጠ «መድኑ ውሸት ነው» ብሎ ሰፈሩ ይመለሳል፤ በማግስቱ እሱም ጠቋሚ ይሆናል። ሙያው የሚወረሰው እንዲህ ነው።

የክትባት፣ የወሊድ፣ የቲቢና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አገልግሎት በመንግሥት ጤና ተቋም ያለ ምንም የድህነት ማስረጃ በነፃ የሚሰጥ መሆኑን ደግሞ ጠቋሚው በምስጢር ይጠብቀዋል። ሁለት ሳምንት ያሳለውን ሰው «መጀመሪያ ከቀበሌ ነፃ ወረቀት አጽፍ» ብሎ ይሸኘዋል። ወረቀቱ እስኪጻፍ ሳሉ ለቤተሰቡ ይዳረሳል። ሰፈር ውስጥ ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ ማን ደብተር እንዳለው፣ ማን እንዳላደሰ፣ የማን ልጅ ክትባት እንዳቋረጠ። ጠቋሚው ግን በሩን ስታንኳኳ «ባለቤቱ የሉም» ብሎ ስለሚመልሳት ለመተዋወቅ አልታደሉም።

የሕግ ጉዳይ ሲሆን አንደበቱ ያጥራል፦ «ብር ከሌለህ ፍርድ ቤት አትድረስ።» በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ በድሃ ደንብ መክሰስን ፈቅዷል። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው ያለውን ንብረት ከነግምቱ ዘርዝሮ፣ እውነት መሆኑን አረጋግጦ ያመለክታል፤ ፍርድ ቤቱ ካመነበት ያለ ክፍያ መዝገብ ይከፈትለታል። ንብረት መደበቅ ግን ፈቃዱን ያሳጣል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉት፤ አቤቱታ ይጽፋሉ፣ ያማክራሉ። ይህን የሚያውቅ ጠቋሚ አጋጥሞን አያውቅም፤ ልጁ እዚያው ዩኒቨርሲቲ የሚማርለት ግን አለ።

ሐዘን ቤት ውስጥ ያለው ጠቋሚ ከሁሉም ይበልጣል፤ ርኅሩኅ ነውና። ባሏ የሞተባትን ሴት «አንቺ አሁን ወረቀት ምን ያደርግልሻል፣ አርባው ይውጣ» ይላታል። ሞት የሚመዘገበው በ30 ቀን ውስጥ ነው። አርባው ሲወጣ ጊዜው ያለፈ ምዝገባ ይሆናል፤ ለምን እንደዘገየች ማስረዳት ይመጣል። የሞት ምስክር ወረቀት ከሌለ ደግሞ የወራሽነት ማረጋገጫውም፣ የጡረታ አበሉም፣ የባንክ ደብተሩም ቆመው ይጠብቋታል። ሐዘኑን በሦስት ቀን ያጽናናት ሰው ሥራውን እስከ መንፈቅ አራዘመላት። ያው ሰው «እድርሽ አለ አይደል፣ እሱ ይረዳሻል» ብሏታል። እድር ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስትና በደንቡ የተጻፈውን ብር ያመጣል፤ አንዳንዱ ከዚያ አልፎ ወላጅ ላጡ ልጆች ደብተር ይገዛል። ደንቡ ውስጥ ያለውና የሌለው በጸሐፊው እጅ ነው፤ ጠይቆ ማንበብ ይቻላል። የሟቹ የወር መዋጮ ተቋርጦ ከነበረ ግን ጸሐፊው የሚያነበው ሌላ ገጽ ነው።

ለመስጊድ ጀማዓም ጠቋሚ አልጠፋም። ዘካ ከተጠራቀመ ሀብት ከመቶ 2.5 የሚወጣ፣ ለታወቁ ስምንት ወገኖች የሚሰጥ ነው፤ በየመስጊዱ ያለው ኮሚቴ የችግረኞችን ስም የሚይዘው ቀደም ብሎ ነው። የረመዳን ጾም ሲፈታ የሚሰጠው ዘካተል ፊጥርም ከዒድ ሰላት በፊት ይወጣል። ጠቋሚያችን ጎረቤቱን የሚያስታውሰው የዒድ ዕለት ከሰላት ሲመለስ፣ ሥጋው ሲጠበስ ነው፦ «እንዴ፣ መስጊድ ስምህን አላስመዘገብክም?»

ለከተማ ድሆች የሚሰጠውን የመንግሥት ድጋፍ፣ የከተማ ሴፍቲኔትን፣ በተመለከተ ያለው እውቀት ደግሞ ከሌላ ከተማ የመጣ ነው። ፕሮግራሙ በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ከኦሮሚያ የተመረጠችው አዳማ ነበረች፤ ያኔ ከአዳማ ዘመዱ በስልክ የሰማውን እስከ ዛሬ ለጅማ ይተነትናል። ጉልበት ያለው በአካባቢ ልማት ሠርቶ እንደሚከፈለው፣ መሥራት የማይችለው አረጋዊና የታመመ ቀጥታ ድጋፍ እንደሚያገኝ ያምታታዋል። ስለዚህ የሰባ ዓመቱን አባት ወደ አካፋ፣ ጎረምሳውን ወደ ቀጥታ ድጋፍ ይልካል። የተመረጡት ስም ዝርዝር ተለጥፎ አስተያየት እንደሚሰበሰብበት፣ ቅሬታም በጽሑፍ እንደሚቀርብ ቢያውቅም አይናገርም፤ «ለዘመዶቻቸው ነው የሚሰጡት፣ አትልፋ። እኔ ሰው አለኝ» ይላል። ሰውየው ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩ ዝግ ነው፤ ላም አለኝ በሰማይ።

አንድ ቦታ ላይ ግን ሽሙጡም ያልቅብናል። ተደፍራ የመጣችን ልጅ «መጀመሪያ ሽማግሌ ይየው፣ ቀበሌም ይወቀው» የሚል ጠቋሚ አለ። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ሳትታጠብ፣ ልብሷን ሳትቀይር ወይም የቀየረችውን በወረቀት ጠቅልላ ይዛ፣ ያለ ደብዳቤ፣ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል። ፖሊስ በ991 ይጠራል፤ ሽማግሌው ሦስት ቀን ሲቀመጥ 72ቱ ሰዓት አብሮት ይቀመጣል። ለዚህኛው ጠቋሚ ያዘጋጀነው ምስጋና የለም።

ዘመናዊው ጠቋሚ ደግሞ ከበርጩማው ሳይሆን ከቴሌግራም ነው የሚናገረው። ለታመመ ጎረቤት አምቡላንስ በቀይ መስቀል 907 እንደሚጠራ አያውቅም፤ «መንግሥት ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ብር እየሰጠ ነው፣ ሊንኩን ተጭነህ ሙላ፣ ለ20 ሰው አስተላልፍ» የሚለውን ግን ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ያስተላልፋል። ሊንኩ ሙሉ ስም፣ ስልክና የቴሌብር ሚስጥር ቁጥር ይጠይቃል። ሚስጥር ቁጥር ጠይቆ ድጋፍ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት የለም ሲሉት አይከፋውም፤ እንዲያውም በትዕግሥት ያስረዳል፦ «እኔ ራሴ ሞልቻለሁ እኮ፤ እስካሁን አልገባም፤ ከቴሌብሬ ላይ ግን ትንሽ ቆርጠዋል፤ ለመመዝገቢያ ይመስለኛል።»