«ለምን ተቀጥረሽ አትሠሪም?» ለምትሉኝ ሁሉ

ዛሬስ ልናገር። ሆዴ ሞልቷል።

ልጄን ብቻዬን ነው የማሳድገው። ጎንደር፣ አዘዞ አንድ ክፍል ተከራይቼ እንጀራ እየጋገርኩ ለምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። ይህን የሰማ ሁሉ ምክር አያጣም። ዘመድ ሲመጣ «ዲፕሎማ ይዘሽ ምጣድ ላይ ትውያለሽ?» ይለኛል። ጎረቤቴ ደግሞ «ፒያሳ ስንቱ ሱቅ ሠራተኛ ፈላጊ ብሎ ለጥፏል፣ ምን ይዞሽ ነው?» ትላለች። ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን አንድም ሰው አጠገቤ ቁጭ ብሎ አብሮኝ አስልቶ አያውቅም።

እንግዲህ እናስላው። በቅርቡ የጠየቅኩት የገንዘብ ተቀባይነት ሥራ ደመወዙ 5,000 ብር ነው። የቤት ኪራዬ 3,000። ከአዘዞ ፒያሳ በታክሲ ደርሶ መልስ በወር ከ1,000 ብር ያልፋል። ልጄ አራት ዓመቷ ነው፣ ከመዋዕለ ሕፃናት የምትወጣው እኩለ ቀን ላይ ነው። ሥራው የሚያልቀው ደግሞ ማታ አንድ ሰዓት። በመሀል ያለውን ሰዓት ማን ይይዛታል? ሞግዚት ልቅጠር ብል ባነሰ ባነሰ 2,500 ብር ነው፣ ያውም ምግቧ ሳይታሰብ። ማደሪያስ? እኔና ልጄ በምንተኛባት ክፍል ውስጥ? ደምሩት፣ 6,500 አለፈ። ዘይት አልገዛሁም፣ ጤፍ አላነሳሁም፣ የልጄን ጫማ አልቀየርኩም። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የዕቃ ዋጋ እንዴት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እና ሥራ ያዢ ስትሉኝ ዕዳ ግቢ እያላችሁኝ ነው።

ለቃለ መጠይቅ ስሄድ ደግሞ የምጠየቀውን ስሙ። «ባለትዳር ነሽ? ልጅ አለሽ? ብትታመምብሽ ልትቀሪ ነው?» አብሮኝ የተሰለፈው ወንድ ልጅ እንዳለው እንኳ አልተጠየቀም። ከዚያ ዋስ አምጪ ይመጣል። ቋሚ ደመወዝ ያለው፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያጽፍ ዋስ። ብቻዋን የምትኖር ሴት ዋስ የሚሆናት ሰው ከየት ታመጣለች? ወንድምና ባል ያላት እኮ ይህን ችግር አታውቀውም።

ሕጉንም አንብቤዋለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለምትወልድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ዕረፍት ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላስ? በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዞ ነበር። እኔን የሚቀጥረኝ ግን ሱቅና ሆቴል ነው። የግል ድርጅት ከዚህ በታች አትክፈል የሚባልበት የደመወዝ ወለልም አልተቀመጠለትም። የፈለገውን ይከፍላል፣ አልፈልግም ካልኩ ከኋላዬ ሌላ ተሰልፋለች።

አባቷስ የምትሉ አላችሁ። ቀለብ እንዲከፍል ሕጉ ያስገድደዋል፣ እሺ። ቋሚ ደመወዝ የሌለው ሰው ግን ከምኑ ይቆረጥበታል? እሱን ትቼዋለሁ።

ታዲያ እንጀራው ያዋጣል ወይ? ከእጅ ወደ አፍ ነው፣ ግን ልጄ አጠገቤ ናት። ምጣዱን የገዛሁት በእቁብ ነው፣ ለዚያ ነገር ማንም ዋስ አላለኝም። መከራው መብራትና አከራይ ነው። ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ አከራዬ «ምጣድ ካለ ኪራይ ይጨመራል» ብላ 800 ብር ጨምራብኛለች። ይህም እሺ።

ባለፈው ሳምንት ግን አለቀስኩ። አብሲቱን ጥዬ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሣሁ፤ መብራት የሚሻለው በዚያ ሰዓት ስለሆነ ነው። ምጣዱ ጋለ፣ በጎመን ዘር አሰስኩት፣ የመጀመሪያዋን አሰፋሁ። ዓይን ሳታወጣ መብራቱ ድርግም አለ። ከድኜ ጠበቅኩ። ነጋ። ልጄ ነቅታ «እማ፣ ቁርስ» አለችኝ። ሊጡ ከእቃው ገንፍሎ ወለሉ ላይ እየወረደ ነበር። ረፋድ ላይ ምግብ ቤቱ ደወለና ከሌላ ሴት መውሰዱን ነገረኝ። አልፈረድኩበትም፣ ምሳ ማቅረብ አለበት። መብራቱ ሲመጣ ሊጡ ኮምጥጦ ለሰው የማይሰጥ ሆኗል። የዱቄቱን ዋጋ ማን ይመልስልኛል? የአንድ ሳምንት ትርፌ እኮ ነው የሄደው።

ሰነፍ አይደለሁም። ሥራ አልመርጥም። ሥራው ነው ቤት ውስጥ ልጅ የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ ብሎ የሚጀምረው። የሱቅ ባለቤቶች፣ አንዱን ቀን ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹን ለአንዷ እናት፣ ግማሹን ለሌላዋ ብትሰጡ ምን ትከስራላችሁ? ሰፊ ግቢ ያላችሁ እናቶችስ፣ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩን ልጆች በመጠነኛ ክፍያ ብትይዙልን? እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። ይህ ሰፈር ውስጥ እንደኔ ብቻቸውን የሚያሳድጉትን ሲነጋ ወፍጮ ቤት አገኛቸዋለሁ።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት የሚያሠራ፣ የደመወዝ ዋስ የማይጠይቅ ሥራ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አዘዞም ይሁን ማራኪ፣ ነገ እጀምራለሁ።