ክሮኬት «ሊጥ ነው» ለምትሉ የኔዘርላንድ አበሾች

ኔዘርላንድ የሚኖር አበሻ ስለ ክሮኬት (በዳቦ ፍርፋሪ ተሸፍኖ ዘይት ውስጥ ስለሚጠበሰው የደቾች ጥቅልል) ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ «ውስጡ ሊጥ ነው»። ያናድደኛል። ባቡር ጣቢያ ተከፍሎበት ከሚከፈተው የግድግዳ ሳጥን አውጥቶ በልቶ በምግቡ ላይ መፍረድ፣ የካፍቴሪያ ሽሮ ቀምሶ የአገሩን ሽሮ እንደማማት ነው። ቤት የሚሠራው ውስጡ ሥጋና መረቅ ነው።

ግማሽ ኪሎ ፍርምባ ከነስቡ በአንድ ሊትር ውሃ ይጣዳል፤ ሽንኩርት፣ ጦስኝ፣ ቁንዶ በርበሬና ጨው ይገባበታል። በኃይል ሳይፈላ ሦስት ሰዓት ያህል ይንተከተክ። ሥጋው በሹካ ሲነካ ሲበታተን ይወጣና በጣት ይተለተላል። በማሽን አትፍጩት፣ የሥጋው ክር ይጠፋል። መረቁ ይጠለላል።

100 ግራም ለጋ ቅቤ ይቀልጥና (ንጥሩን ተዉት፣ ኮረሪማው ኋላ የሚገባውን የገውዝ (ነትሜግ) ሽታ ይውጠዋል) 120 ግራም ፉርኖ ዱቄት ይታከልበታል። ሳይጠቁር ለሦስት ደቂቃ ይማሰል። ከዚያ 600 ሚሊ ሊትር መረቅ በሦስት ጊዜ ይጨመራል፤ አንዴ ከደፋችሁት ይጓጉላል። አምስት ደቂቃ መብሰል አለበት። ያ «ሊጥ» የምትሉት ጣዕም የሚመጣው እዚህ ላይ በመቸኮል ነው።

ቀጥሎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የራሰ ሦስት ቅጠል ገላቲን (መረቁን የሚያረጋው)፣ ሥጋው፣ የተከተፈ ፓርስሊና የተፈገፈገ ገውዝ ይገባል። ብዙው ገላቲን የአሳማ ስለሆነ ማሸጊያውን አንብቡ፤ የበሬው ሐላል ሱቅ ይገኛል። የሳንቡሳ ሆድ ደረቅ የሚሆነው ቂጣው ፈሳሽ ስለማይችል ነው። ክሮኬት ግን ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ዘይት ውስጥ ሲገባ መልሶ ይቀልጣል፤ ጥበቡ ሁሉ ይኸው ነው። ስለዚህ ፍሪጅ ውስጥ ሳያድር አይጠቀለልም። የምትሸፍኑበት ፕላስቲክ ከላዩ ጋር ይጣበቅ፣ አለዚያ ቆዳ ያወጣል።

በማግስቱ ወደ 70 ግራም እየቆረሳችሁ አሥር ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይኑረው፤ ዱቄት፣ የእንቁላል ነጭ፣ የዳቦ ፍርፋሪ። እንቁላሉና ፍርፋሪው ሁለት ሁለት ጊዜ ይደረጋል። በተለይ ጫፎቹን እዩ። የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ ፍርፋሪው ከሳተው ጫፍ ነው፤ እንፋሎቱ መውጫ ይፈልጋል። ከዚያ አንድ ሰዓት ፍሪጅ ይመለስ።

ዘይቱ 180 ዲግሪ፣ ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ፣ በአንዴ ከአራት ፍሬ አይበልጥ። ብዙ ከጨመራችሁ ዘይቱ ይበርዳል፤ ቅርፊቱ ሳይጠነክር ውስጡ ቀልጦ ይፈሳል። ሳንቡሳ የተጠበሰበትን የትናንት ዘይትም እባካችሁ ተዉት፣ የቀረው ፍርፋሪ አርሮ ያጠቁረዋል።

ለጾም በሥጋው ፋንታ እንጉዳይና የእንጉዳይ መረቅ፣ በቅቤው ዘይት፣ በእንቁላሉ ቀጠን ያለ የዱቄት ብጥብጥ ይሆናል። ገላቲኑን በአጋር አጋር አትተኩ፤ እሱ ወደ 85 ዲግሪ ካልደረሰ ስለማይቀልጥ ውስጡ እንደረጋ ይቀራል። ይልቅ ዘይቱ ላይ የሚማሰለውን ዱቄት 140 ግራም አድርሱና ከመጥበሳችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት።