ጎንበስ ብሎ የፈታው

ወገኖቼ፣ 500 ዓመት ሊሞላው በተቃረበ ታሪክ ተናደደ ብላችሁ አትሳቁብኝ። ካነበብኩት ጀምሮ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ቶማስ ክሮምዌል የፑትኒ ቀጥቃጭ ልጅ ነው። ከዚያ ተነስቶ የእንግሊዙ ንጉሥ የሄንሪ 8ኛ ቀኝ እጅ ሆነ። ገዳማቱን ዘግቶ ሀብታቸውን ለንጉሡ አስገባ። በአውሮፓውያኑ አፕሪል 1540 የኤሴክስ ኧርል ተብሎ ከነባሮቹ መኳንንት ተርታ ገባ። ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ጁን 10፣ ዌስትሚኒስተር ለስብሰባ እንደመጣ የዘበኞቹ አለቃ ገብቶ ያዘው። ክሮምዌል ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ላይ ወረወረ። የልፋቴ ዋጋ ይኼ ነው ወይ፣ እስቲ በህሊናችሁ ፍረዱ፣ ከሃዲ ነኝ ወይ አላቸው። ትናንት እጅ ሲነሱት የነበሩት ሰዎች ከሃዲ እያሉ ጮኹበት። የኖርፎክ መስፍን የቅዱስ ጊዮርጊስን ኒሻን ከአንገቱ መነጨቀው። እሺ፣ እሱስ ድሮም ጠላቱ ነው። እኔ ይቅር የማልለው የሳውዝሃምፕተኑን ኧርል ነው፤ ወዳጁ ነበራ! ጋርተር የሚባለው የክብር ኒሻን የሚታሰረው ከጉልበት በታች ነው፣ ሳያጎነብሱ አይፈታም። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ፣ ማሰሪያውን በጣቱ ፈልጎ፣ ከወዳጁ እግር ላይ ፈታው።

ክሮምዌል ንጹሕ ነበር አላልኩም። ሰውን ችሎት ሳያቆሙ በፓርላማ አዋጅ መቅጣትን ያቀላጠፈው ራሱ ነው፤ በዚያው ተበላ። ጁን 29 አዋጁ ሲያልፍ ከመኳንንቱ አንድ ሰው እንኳ አልተቃወመም። ጁላይ 28 አንገቱ ተቆረጠ። በዚያው ቀን ንጉሡ ሙሽራ ነበር፤ ያገባውም የኖርፎክን የወንድም ልጅ ነው። ወራት ቆይቶ ደግሞ ታማኝ አገልጋዬን በሐሰት አስገደላችሁኝ ብሎ አማካሪዎቹን ወቀሰ። ንጉሥ አይከሰስ!

ሊቀ ጳጳሱ ክራንመር ቢያንስ ተንፍሷል። ለንጉሡ ጽፎ እንደ ወዳጅ እወደው ነበር አለ። ወዲያው ግን ከሃዲ ከሆነ ስለወደድኩት ይቆጨኛል ብሎ አከለበት። እቺ «ከሆነ» ናት የያዘችኝ።

አውቃታለሁማ። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ሲሾሙ አብረን የተነሳነውን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፌ «ጋሼ፣ ሲያንስዎት ነው» ብዬ ነበር። የታሰሩ ዕለት ማታ አጠፋሁት፤ አልጋ ውስጥ ሆኜ፣ የስልኬን ብርሃን ቀንሼ፣ ማንን እንደምደበቅ እንጃ። በማግስቱ ቡና ላይ «አጥፍተው ከሆነ ይጠየቁ እንጂ» አልኩ። ባለቤታቸው ሁለት ጊዜ ደወሉ። አላነሳሁም።

እናንተስ? ለሹመቱ ኬክ ቆርሳችሁ ለሽረቱ ስክሪንሹት የምትቀባበሉ? በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛል እያልን እንተርታለን፣ ምሳሩን ግን ማንም የኔ ነው አይልም። ያጠፋ አይጠየቅ አላልኩም፣ ፍርድ ቤት ለዚያ ነው። እኛን ግን ኒሻን ፍቱ ብሎ ማን ጠራን? እንዲህ እየሆንን ነገ ለማን ልናለቅስ ነው?

ጋሼ ተፈተዋል አሉ። ሰፈራቸው ሱቅ ደጃፍ ተቀምጠው ጋዜጣ ሲያነቡ የሥራ ባልደረባዬ አይታቸው ተሻግራ አለፈች። እሷን ልቆጣ አፌን ከፍቼ ዝም አልኩ። ቁጥራቸው አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ትናንት አውጥቼ አየሁትና መልሼ አስቀመጥኩት። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት አይጠፉም።